በለቅሶ ቤት የተዳኘው ብሎግ

ከሞቱ አሟሟቱ ይላሉ። እኔ ደግሞ ከመርዶውም አረዳዱ እላለሁ። የባለቤቴን ሞት የሰማሁት በምሳ ሰዓት ነው፤ ሊያረዱኝ የተላኩት ሰዎች ግን ደጄ የደረሱት ከዚያ በኋላ ነበር። ነገሩ ግር እንዳይላችሁ ላስረዳ። በእኛ ወግ ለሚስት የባሏ ሞት በስልክ አይነገርም፤ ነውር ነው። ሰው ይሰበሰባል፣ ማን አፍ አውጥቶ እንደሚናገር ይመረጣል፣ ማን ደግፎ እንደሚይዛት ይመደባል፣ እህል መቅመሷም ይጣራል። ይህን ወግ ባሕር አሻግረን ዳላስ ድረስ አምጥተነዋል። ደግ ወግ ነው። ችግሩ፣ ወጉ በእግሩ ሲመጣ ወሬው በስልክ መጓዙ ነው።

ጌታቸው ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ መንገደኛን ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናሉ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። በዚያን ቀን ጠዋት፣ አውቶቡሱን ዳር አስይዞ ካቆመ በኋላ፣ መሪው ላይ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለ። ሆስፒታሉ የደወለው ለታናሽ ወንድሙ ለዳንኤል ነው፤ እኔ በሥራ ሰዓት ስልክ ስለማላነሳ ለክፉ ቀን ያስመዘገበው የእሱን ቁጥር ነበርና። ዳንኤልም እንደ ወጉ አደረገ። አፉን ዘጋ፣ ሰው ሰበሰበ፣ «ሥራ ቦታዋ ሄደን ብንነግራት መኪና እየነዳች ስትመለስ ሌላ አደጋ ይመጣል» ተባለና ቤቴ እስክመለስ እንዲጠበቅ ተወሰነ።

እኔ ግን ቤድፎርድ ከሚገኘው የአረጋውያን መጦሪያ፣ ከምሠራበት ቤት ሆኜ፣ በምሳ እረፍቴ እንደ ልማዴ የጌታቸውን ብሎግ ከፈትኩ። አዎ፣ ባለቤቴ ብሎግ ነበረው። በሁለት ጉዞ መካከል ባለችው ትንሽ እረፍት በስልኩ ይጽፋል፤ እኔም የቤቴን ሰው ወሬ ከሩቅ ሰው እኩል አነባለሁ። የመጨረሻው ጽሑፍ መንገደኛ ስለረሳት አንዲት ዣንጥላ ነበር። ከሥሩ አንድ የማላውቀው አንባቢ «ቤተሰቡን እግዚአብሔር ያጽናና» ብሎ ጽፏል።

የማንን ቤተሰብ? ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ደግሜ አነበብኩት። የሞተ ሰው የለበትም። ዣንጥላ ደግሞ ቤተሰብ የለውም። ለዳንኤል ደወልኩ፤ አላነሳም። ዳንኤል በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ስልክ የሚያነሳ ሰው ነው። ያኔ ገባኝ፤ ቤተሰቡ እኔ ነኝ።

እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። ከሰፈሬ መታጠፊያ ስደርስ የማውቃቸው መኪናዎች ጥግ ይዘው ቆመዋል። ውስጥ ሆነው «አንተ ንገራት፣ የለም አንቺ ይሻላል» እየተባባሉ ነበር። የፊተኛውን መኪና መስኮት አንኳኳሁ። መርዶ ነጋሪዎቼን እኔው አረዳኋቸው።

ለቅሶ ቤት የሚያውቅ ያውቀዋል። መጀመሪያ እንባ አለ፣ ቀጥሎ ጸሎትና መዝሙር አለ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ማንም የማያወራበት ረጅም ዝምታ ይመጣል። ባለ ሐዘኗን ብቻዋን መተው አይቻልም፤ ከእሷ ጋር ተቀምጦ የሚወራ ነገር ግን ያልቃል። ከቤተ ክርስቲያን በመጡት ተጣጣፊ ወንበሮች ላይ ተደርድረን ምንጣፉን ስናይ ዳንኤል ተነሣና «የጌችን ጽሑፍ እያየን እናስበው» ብሎ ብሎጉን በትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ከፈተው። ዳንኤል ለኩባንያዎች ድረ ገጽ የሚሠራ ባለሙያ ነው። በደግ ልብ ነው ያደረገው። ዳኝነቱ የተጀመረው ግን እዚያ ላይ ነው።

መቼም ሰው ካልሄደ ወይም ካልሞተ አይመሰገንም። ጌታቸው በሕይወቱ ሙሉ ያልሰማውን ምስጋና በዚያ ሳሎን ውስጥ ሰማ፤ ማለቴ፣ አልሰማም። ደግ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ለሰው ደራሽ ተባለ። ሙትን መውቀስ እንደማይፈቀድ ሁሉም ያውቃል። ስለ ሙት ብሎግ ግን ሕግ አልወጣም።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ይሄ አረንጓዴ ምንድነው? ፋርማሲ የገባሁ መሰለኝ እኮ» አሉ እትዬ ብርቄ። እትዬ ብርቄ የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት መሪ ናቸው፤ የሠርግ አዳራሽ መጋረጃ እንኳ እሳቸው ሳያዩት አይሰቀልም።

«ፊደሉ ራሱ በጣም ትልቅ ነው» አለ ዳንኤል። «ወደ ታች ስክሮል ቢያደርጉት አያልቅም። ሜኑ የለው፣ መፈለጊያ የለው። ሁሉም ነገር አንድ ላይ ተዘርግፏል።»

«እንደ እኔ ጓዳ በለኛ!» አሉ እትዬ ብርቄ።

ሰው ሳቀ። ወዲያው ዓይኑ እኔ ላይ ሲያርፍ ሳቁን ዋጠው።

እውነቱን ልናገር፤ ብሎጉ ያምራል ብዬ አልከራከርም። አረንጓዴው ዓይን ይወጋል። ጥጉ ላይ በእኛ አቆጣጠር የሚቆጥር ሰዓት አለ፤ ለምን እንዳስቀመጠው እሱም አያውቅም። ፎቶግራፍ ተብሎ የተለጠፈው የአውቶቡስ መስኮት ላይ የተደገፈ የገዛ ክንዱ ነው። ጽሑፉም ቢሆን ስለ ሙቀቱ ይጀምርና ወደ አንዲት አሮጊት ሻንጣ ይሄዳል፣ ከሻንጣው ወደ ልጅነቱ ጎረቤት ይዞራል፣ ልክ ነገሩ ሲጥም «መንገደኛ መጣ፣ ልሂድ» ብሎ ይቋረጣል። መደምደሚያ የሚባል ነገር አያውቅም። አሟሟቱም እንደ አጻጻፉ ሆነ።

ከቀለምና ከፊደል ወደ ጽሑፉ ሲገባ ዳኞቹ በረቱ። እትዬ ብርቄ ጾም ጸሎት ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው፣ ማስታወቂያ እየተነገረ ሳለ ባንነው በታላቅ ድምፅ «አሜን!» ያሉበትን ታሪክ አገኙት።

«ይቺ ትውጣ» አሉ። «ለእኔ ብዬ አይደለም። ለእሱ መልካም አይደለም።»

ዳንኤል ደግሞ እሱ ራሱ ጋራዡ ውስጥ አይጥ የምታህል ነገር አይቶ መኪናው ጣሪያ ላይ የወጣባትን አገኘ። «ይሄም ይውጣ፤ የቢሮ ሰዎች ቢያዩትስ?»

«አማርኛ ያነባሉ እንዴ?» አልኩት። ከብዙ ሰዓት በኋላ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል እሱ ነበር።

«አሁን እኮ እታለም፣ ስልኩ ራሱ ይተረጉመዋል።»

እኔ የጨው ዕቃ ከስኳር ጋር አምታትቼ ለእንግዳ ያቀረብኩት ሻይም እንዲወጣ ተፈረደ፤ ይህ ለእኔ ክብር ታስቦ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰው የሳቀበት ሁሉ ወጣና፣ ለሐዘን ተገቢ ሆኖ የተረፈው የቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ምረቃ ዘገባ እና የመኪና ጎማ መቼ መቀየር እንዳለበት የሚናገረው ምክር ሆነ። ባለቤቴ በምረቃና በጎማ መካከል ጠበበ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ዳንኤል የሠራውን አዲስ ገጽ ይዞ መጣ። ሳሎኑ ሞልቶ ነበር። ጥቁር መደብ፣ ነጭ አበባ፣ የምትንቀጠቀጥ ሻማ፣ ከሥሯ ጥቅስ፣ መሐል ላይ ጌታቸው በክራባት። ገና ሲከፈት መዝሙሩ ራሱን ችሎ ይጀምራል። ባለሙያ ባለሙያ ነው፤ እንከን የለውም። ሁሉም አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ለማን እንዳለቀስኩ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። አሮጌውን አንሥቶ ይህን በቦታው ለማስቀመጥ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ የይለፍ ቃሉ። እሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

«ፓስወርዱን ብቻ ስጪኝ፣ እታለም» አለኝ በትሕትና። «ሌላውን ለእኔ ተይው።»

አፌን ከመክፈቴ በፊት በሩ ተንኳኳና ሰይድ ገባ። ሰይድ የደሴ ልጅ ነው፤ ከጌታቸው ጋር አንድ ፈረቃ ይነዱ ነበር። የሥራ ሰደርያውን እንኳ ሳያወልቅ ነው የመጣው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠና ቴሌቪዥኑን አየ።

«ይሄ ማነው?» አለ።

«ጌታቸው ነዋ!» አሉ እትዬ ብርቄ ተቆጥተው።

«ጌች ክራባት ነበረው እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። ለካ ሰይድ እየቀለደ አልነበረም። ነገሩን አስረዱት፤ ምን እንደወጣና ምን እንደቀረ ነገሩት። እሱም ሰምቶ ወደ ዳንኤል ዞረ።

«የኔስ ሳምቡሳ? አወጣችሁት?»

ሳምቡሳው በብሎጉ ላይ ደጋግሞ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ጌታቸው እንደጻፈው ሰይድ ባለቤቱ የሠራችለትን ሳምቡሳ ወንበሩ ሥር ደብቆ፣ ሰው ሲመጣ «ጾም ላይ ነኝ» የሚል ስስታም ነው። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም።

«እሱማ መጀመሪያ የሚወጣው ነው፤ ስምህን አጥፍቷል» አለ ዳንኤል።

«እንዳታወጡኝ» አለ ሰይድ። «ወላሂ እንዳታወጡኝ። ስስታምም ሆኜ ከእሱ ጋር ልኑር።»

እኔ ያን ጊዜ ወሰንኩ።

«አልሰጥህም ዳኒ» አልኩት።

«ለክብሩ ብዬ እኮ ነው። ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ያለውን ብሏል። ፋርማሲ ብሏል።»

«ወንድሜ ነው!» አለና ድምፁ ተሰበረ። «አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ ያዘንሽው? እኔ ሌላ ምን አውቃለሁ? የማውቀው ይሄን ነው፤ ይሄን ሠራሁለት።»

ይህን ያለው እውነቱን ነው። አንዱ ሐዘኑን በእንባ ያወጣል፣ አንዱ ሬሳ አጅቦ ያወጣል፣ ዳንኤል ደግሞ አበባና ሻማ በኮምፒውተር ደርድሮ ነው የሚያወጣው። አበባውን አልቀበልም አልኩት ማለት ነው። ላፕቶፑን አጠፈ፣ እትዬ ብርቄን ብቻ ተሰናበተና ወጣ። መኪናው ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳያስነሣ ተቀምጦ ከመስኮት አየሁት። ልወጣ አስቤ ነበር። ብወጣ ግን የይለፍ ቃሉን እንደምሰጠው ስላወቅሁ አልወጣሁም።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልመጣም። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ከሩቅ አንገቱን ሰበር ያደርግልኛል፤ እኔም እመልሳለሁ። እዚህ አገር የባለቤቴ ሥጋ የሚባል እሱ ብቻ ነው። ሲስቅ ጥርሱ የጌታቸው ነው፤ ስለዚህ እኔ ፊት አለመሳቁ ሁለት ጊዜ ይጎዳኛል። «አንድ ገጽ ይዘሽ አንድ ሰው ለቀቅሽ» አሉኝ እትዬ ብርቄ። ሟችን እንደነበረ ለማስቀመጥ በሕይወት ያለውን ሰው ማስከፋት ተገቢ ነው ወይ ብትሉኝ፣ አላውቅም። ብሰጠው ኖሮ ግን ወንድሙንም አብሬ አጠፋበት ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። አንዳንድ ቀን እጽናናለሁ። አንዳንድ ቀን ስልኬን አንሥቼ ስሙ ላይ እደርስና እመልሰዋለሁ።

ብሎጉ እንዳለ አለ። አረንጓዴው አለ፣ ክንዱ አለ፣ እትዬ ብርቄ «አሜን» እንዳሉ አሉ፣ ሰይድ ሳምቡሳውን እንደደበቀ ነው። ግን አዳዲስ አንባቢዎች እየመጡ «ጋሼ፣ ምነው ጠፋህ? ዣንጥላዋስ ባለቤቷን አገኘች?» እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። እየመለሰ ያስለመዳቸው ሰው ዝም ሲላቸው የተኮራባቸው እንዳይመስላቸው ሰጋሁ። የይለፍ ቃሉን ለሌላ ያልሰጠሁት እኔው ገባሁበትና ይህን ጻፍኩ። ቀለሙን አልነካሁም፤ ፊደሉንም እንደ ትልቅነቱ ተውኩት። ያማረ አይደለም፤ ዳኙት። ዳኒ፣ አንተም ታነባለህ ብዬ አስባለሁ፤ የሠራኸው ገጽ ያምር ነበር። ይህን በአፌ ሳልነግርህ ነው የሄድከው።

ጌታቸው ሞቷል። ዣንጥላዋን አላውቅም።

አንድ ነገር ልለምናችሁና ልተዋችሁ። በእኛ በወንጌላውያኑ ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው አይጸለይም። እትዬ ብርቄ በግልጽ ነግረውኛል፤ «ልጄ፣ እሱ ደርሷል፤ ጸሎት የሚያስፈልግሽ አንቺ ነሽ» ብለውኛል። ትምህርቱን አልከራከርም። ሰይድ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ በየሶላቱ ዱዓ ያደርግለታል፤ ከእናንተም መካከል ነፍስ ይማር ማለትን ከእናቱ የተማረ ብዙ ሰው አለ። እኔ የሃይማኖት ሊቅ አይደለሁም፤ አንድ ሰው ስሙ በፈጣሪ ፊት ቢነሣለት የሚጎዳው አይመስለኝም። እንደየእምነታችሁ አስቡት፤ ስሙ ጌታቸው ነው። እትዬ ብርቄ ሰምተው ከተቆጡ፣ ለእኔ ነው የጸለዩት እላቸዋለሁ።