ለፋፊው አይሞትም

ሹመት የሚወድ ሰው መቼም ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። እኔን የገጠመኝ ግን ሹመት የወደደው ሰው ነው። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ ሰፈር፣ የእድራችን ለፋፊ ነበሩ። ጥሩምባ መንፋት ስለማይቻል ሰው ሲሞት ለየቤቱ ስልክ ይደውላሉ። ጋሼ ለፋፊ እንላቸዋለን። ቁጥራቸውን አይቶ ፍሪዌይ ላይ እየነዳ ያማተበ ስንት ነው!

አንድ ቀን ምሳ እየበላን ስለ ስኮትላንድ ያነበቡትን አጫወቱኝ። የንጉሡ አዋጅ ነጋሪዎች የሚጠሩት በሹመታቸው ስም ነው አሉ። አንዱ ሹመት ዩኒኮርን ይባላል፤ ባለ አንድ ቀንዱ ፈረስ መሆኑ ነው። ሰውየው ሲሞት ሌላ ይሾማል፤ እሱም ዩኒኮርን ይባላል።

"ሶ፣ ዩኒኮርን ስንት መቶ ዓመቱ ነው?" ብዬ ሳቅሁ።

እሳቸው አልሳቁም። "ልጄ፣ ሹመት ሰው እየለበሰ ነው የሚኖረው" አሉኝ።

ባለፈው ወር አረፉ። ማን ይለፍፍ? እድሩ ስልካቸውን ለእኔ ሰጠኝ። መጀመሪያ ቫን ናይስ ሰፈር ለሚኖሩት ለእትዬ አስካለ ደወልኩ።

"ጋሼ ለፋፊ፣ ደግሞ ማን ሞተ ሊሉኝ ነው?"

የሟቹን እውነተኛ ስም ፈለግሁት፤ አላውቀውም። የእድሩ መዝገብ እንኳ "ለፋፊ" ነው የሚለው።

"ጋሼ ለፋፊ አረፉ" አልኩ።

"እንዴ! ስልኬ ላይ የሚታየው እኮ ጋሼ ለፋፊ ነው" አሉ። "ማን ልበል?"

ስሜን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

"ለፋፊው ነኝ፣ እትዬ" አልኩ።