የኦቦ ፈይሳን ስልክ ማን ይንቀል?

ኮምፒውተር የሚበላሸው በቫይረስ ይመስላችኋል? ተሳስታችኋል! ኮምፒውተር የሚበላሸው በጨዋነት ነው። ቫይረስን የሚያጠፋ ፕሮግራም ተሠርቷል፤ ጨዋነትን የሚያጠፋ ግን... እስካሁን አልወጣም። ሲወጣም መጀመሪያ ሊጫን የሚገባው እኔ ላይ ነው።

እንዴት በሉኝ። መምህር ስለሆንኩ ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ አይሆንልኝም።

አምቦ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነኝ። ላፕቶፔ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ላስረዳ... (አይዟችሁ፣ አጭር ነው!) ኮምፒውተር ሲከፈት ውስጡ ያለውን ሁሉ የሚያስተዳድር አንድ ዋና ፕሮግራም አለ። የእኔን የሚያስተዳድረው ሊኑክስ ነው። ሁለት ነገር እወድለታለሁ። አንደኛ፣ በከተማችን ፍላሾች ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ቫይረስ አይነካውም። ሁለተኛ፣ ሲበላሽ ዝም አይልም፤ ምን እንዳመመው አንድ በአንድ ጽፎ ያስቀምጣል። ይህን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስንቴ እንዳወራሁ ባልደረቦቼን ጠይቁ። የስፖርት መምህሩ ግርማ በሩን ስከፍት «ሊኑክስ መጣ፣ ጆሯችሁን ሸፍኑ!» ማለት ከጀመረ ቆይቷል።

ያን ቀን መብራት የሄደው በጠዋት ነው። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች በሙሉ ጨልመዋል። የእኔ ላፕቶፕ ግን ማታ ሞልቶ ስላደረ፣ ማረፊያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ብቻውን እንደ ንጉሥ ያበራል። በዚህ መሃል ኦቦ ፈይሳ በአንድ እጃቸው ስልካቸውን፣ በሌላው የቻርጀር ገመዳቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

ኦቦ ፈይሳ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ዘጠነኛ ክፍል እኔንም አስተምረውኛል። አሁን ባልደረባዬ ናቸው ይባላል እንጂ፣ እሳቸው ሲገቡ እግሬ ሳያማክረኝ ይነሳል።

«አካም ጂርታ ልጄ? እዚህም መብራት የለም?»

«የለም ኦቦ። ስልክዎ ሊዘጋ ነው እንዴ?»

«ሊዘጋ ነው። ወንጪ ያለው ወንድሜ ስለ አንድ ፈረስ ሊደውልልኝ ነበር... ግድ የለም፣ ተወው።»

«ግድ የለም፣ ተወው» ማለት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። ዘልዬ ተነሳሁ።

«ይስጡኝ፣ ላፕቶፑ ላይ ልሰካልዎት!»

«ኧረ አትቸገር!»

«ምን ችግር አለው!»

«ኧረ ተው!»

«በሞቴ ኦቦ!»

በሞቴ ተባለ፤ ተሰካ። ገመዱ ግን... ገመድ ልበለው ወይስ ቅርስ? አንገቱ ተልጦ ሽቦው ይታያል። ሽቦው ላይ ፕላስተር፣ ፕላስተሩ ላይ ላስቲክ፣ ላስቲኩ ውስጥ የክብሪት እንጨት! ኦቦ ፈይሳ ጎንበስ ብለው አንገቱን ጠምዘዝ አደረጉና «በዚህ በኩል ካላጋደለ አይሠራም» አሉኝ። ስልኩ ጢን አለ። ዘጠኝ ፐርሰንት። እሳቸውም የስልካቸው ጠባቂ ሆነው አጠገቡ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ክፍል ኖሯቸው ሲወጡ ብቻ ነበር የሚለዩት።

አስር ሰዓት ገደማ የባዮሎጂ መምህርቷ ሌሊሴ ፍላሽ ጨብጣ እየሮጠች ገባች። ሌሊሴ ለማስተርስ እያመለከተች ነበር። አምና ኢንተርኔት ተቋርጦ አምልጧታል። ዘንድሮ ደግሞ የማመልከቻው ገጽ የሚዘጋው በዚያው ቀን አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ገብቷል፤ የቀረው የጥናት ንድፈ ሐሳቧ ብቻ ነው። እሱ ያለው ፍላሹ ላይ ብቻ ነው። ፍላሹ ደግሞ እጇ ላይ ነው።

«ጄኔሬተር ያለው ኮፒ ቤት እየሄድኩ ነው» አለች። «ሰልፉ አስፋልት ደርሷል አሉኝ። ቫይረስ ደግሞ ይበላብኛል ብዬ ፈራሁ።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። አልቻልኩም።

«እኔ እያለሁ ኮፒ ቤት? ቁጭ በይ! ሊኑክስ ላይ ቫይረስ የሚባል ነገር የለም። በስልክሽ ኢንተርኔት እናገናኘዋለን፣ ፍላሹን እንሰካለን፣ አለቀ!»

ቁጭ አለች። ፍላሹን በስተግራ ባለው ቀዳዳ ሰካሁት። ዝም። ነቅዬ ሰካሁት። ዝም። ገልብጬ ልሰካው ስሞክር ሌሊሴ እጄን ያዘችኝ።

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። በሥርዓት እንሄዳለን።»

ግርማ ከሶፋው ላይ አንገቱን አቀና። «እፍ በልበት!»

«እፍ አይባልም» አልኩት። «ትንፋሽ እርጥበት አለው። እርጥበት ብረት ላይ ሲያርፍ...»

«እንግዲያው አስረዳው። ሲሰለቸው ይሠራል።»

አልሰማሁትም። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፈትኩና የተሰኩትን ዕቃዎች ዘርዝርልኝ አልኩት። ዘረዘረልኝ። ፍላሹ የለም። የሚገርመው ግን፣ የኦቦ ፈይሳም ስልክ የለም! አጠፋሁና አበራሁት። ሲከፈት የፍላሹ ቀይ መብራት አንዴ ብልጭ አለ። የኦቦም ስልክ ጢን አለ። ከዚያ ሁለቱም እኩል ጸጥ!

«ይህ ኮምፒውተርህ» አሉ ኦቦ ፈይሳ መነጽራቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው፣ «ይሰጣል ወይስ ይወስዳል? ስትሰካልኝ ዘጠኝ ነበርኩ፤ አሁን ሰባት ሆኛለሁ።»

ሊኑክስ የጻፈውን ማስታወሻ ከፈትኩ። ታሞ ዝም አይልም ብያችሁ የለ? ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል፤ ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ አልፏል፣ ቀዳዳዎቹን ዘግቻለሁ ይላል። ላስረዳችሁ። ሁለቱ የላፕቶፔ ቀዳዳዎች አንድ ቆጣሪ እንደሚጋሩ ሁለት ተከራዮች ናቸው። አንደኛው ተከራይ ሽቦው የተላጠ ምድጃ ሲሰካ ቆጣሪው ይጠፋና የሁለቱም ቤት ይጨልማል። ሌሊሴ በግራ በኩል ያለችው ምስኪን ተከራይ ናት። ምድጃው... ገብቷችኋል።

መፍትሔውስ? በየትኛውም መመሪያ ላይ አንደኛ ተራ ላይ የተጻፈ ነው፤ የተሰካውን ሁሉ ንቀል። በቃ! አንድ ገመድ መንቀል! ሕፃን ይሠራዋል። መመሪያውን የጻፈው ሰው ግን ኦቦ ፈይሳን አያውቃቸውም።

እስኪ በእኔ ቦታ ሁኑ። በሞቴ ብላችሁ፣ ለምናችሁ፣ በገዛ እጃችሁ የሰካችሁትን የመምህራችሁን ስልክ፣ ለዚያውም የወንድማቸውን ጥሪ እየጠበቁ፣ «ኦቦ፣ ገመድዎ ቤቴን አጨለመው» ትላላችሁ? አፋችሁ ይላወሳል? የእኔ አልተላወሰም። በዙሪያው ዞርኩ።

«ኦቦ፣ ስልክዎ ሞልቶ ይሆን?»

«ሰባት ነው እያልኩህ!»

«ትንሽ ቢያርፍስ? ባትሪ ሲያርፍ ጥሩ ነው ይላሉ...»

«ከጠዋት ጀምሮ አርፎ ነው የዋለው።»

«ወንበሩ አልቆረቆረዎትም? ውጭ ፀሐዩ ደስ ይላል።»

«ተመችቶኛል ልጄ። አንተ ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ፤ ልጅቷ ተጨንቃለች።»

ሌሊሴን ወደ መስኮቱ ሳብ አድርጌ ጉዳዩን በሹክሹክታ ነገርኳት። ዓይኗ ወደ ግድግዳው ሰዓት ሄደ። ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው።

«ታዲያ ንገራቸዋ!»

«አንቺ ንገሪያቸው። ለአንቺ ይራራሉ።»

«ያስተማሩት አንተን! የሰካኸው አንተ! ኮፒ ቤት አትሂጂ ያልከኝ አንተ!»

ሦስቱም እውነት ነው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አምና ያለቀሰችውን አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን የምትረግመው ኔትወርኩን ነበር፤ ዘንድሮ የምትረግመው የምታውቀውን ሰው ሊሆን ነው። ልክ በዚያች ደቂቃ ነው ሌሊሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ የዲያብሎስን ምክር የመከረችኝ።

«ደውልላቸው።»

«ለማን?»

«ለኦቦ! ስልክ ሲጠራ ይነቅሉት የለ? የስልካቸው መስታወት መሃሉ ተሰንጥቆ ከላይ ካለው ባትሪ በቀር ቁጥር አያሳይም፤ ማን እንደደወለ አያውቁም።»

ስለ ባዮሎጂ መምህራን የነበረኝ አስተያየት ያን ዕለት ተቀየረ።

ኮቴዬን አጥፍቼ ወጣሁና ከመስኮቱ ሥር ተጠጋሁ። ደወልኩ። ክፍሉ ውስጥ ስልኩ አምባረቀ። አጮልቄ አየሁ። ኦቦ ፈይሳ ፊታቸው በራ። «ወንድሜ ነው! ፈረሱ!» አሉ። ስልኩን... አልነቀሉትም! እንደተሰካ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ለጠፉበት። ወገባቸው ታጥፎ፣ አገጫቸው የላፕቶፔ ኪቦርድ ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም።

«ሄሎ! ቶሎሳ! ቶሎሳ ነህ?»

ምን ልበል? አዎ ቶሎሳ ነኝ ብል ውሸት ነው፤ የፈረሱንም ዋጋ አላውቅም። ብዘጋው ደግሞ ሌሊሴ አለቀላት። ከዚያ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ አፍንጫዬን በሁለት ጣቴ ይዤ ጮህኩ።

«ሄሎ? ሄሎ? አይሰማም! አይሰማም!»

እስኪ ንገሩኝ፣ አምቦ ውስጥ «አይሰማም» የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? ወደ ውጭ ይወጣል! ማሰብ አያስፈልገውም፤ እግሩ ራሱ ያውቀዋል። ኦቦ ፈይሳ «ቆይ፣ ወደ ውጭ ልውጣ!» ብለው ስልኩን ከነገመዱ ይዘው ወደ በሩ ተፈተለኩ። ላፕቶፔም ገመዱን ተከትሎ ጠረጴዛው ላይ ሸርተት... ሸርተት... ከጫፍ ሲደርስ ገመዱ ተመዞ ወጣ፤ ላፕቶፑ ግን መንገዱን ቀጠለ። ግርማ ከሶፋው ተወርውሮ አየር ላይ ያዘው! ሰውየው ሙያውን ሲሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነበር።

«ብልጭ አለ!» የሚለውን የሌሊሴን ድምፅ ሰማሁ። «ተከፈተ! ግርማ፣ እንዳትንቀሳቀስ! እንደያዝከው ያዘው!»

እኔ ደግሞ ለመሸሽ ወደ ባንዲራው መስቀያ ገሰገስኩ። ለካ ጥሩ ኔትወርክ ያለው እዚያ ነው ተብሎ ይታመናል። ኦቦ ፈይሳም ኔትወርክ ፍለጋ ሕንፃውን ዞረው የመጡት ወደዚያው ነው። ፊት ለፊት ተገጣጠምን። እሳቸው ስልክ ጆሯቸው ላይ፣ ገመዱ እንደ ጭራ ተንጠልጥሎ። እኔ ስልክ ጆሮዬ ላይ፣ አፍንጫዬ አሁንም በጣቴ እንደተያዘ።

«ሄሎ?» አሉ።

«ሄሎ» አልኩ።

«እዚህ ጋ ጥሩ ይሰማል» አሉ፣ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ። «ምን ፈልገህ ነው ልጄ?»

«ምንም ኦቦ... እንዴት ዋሉ ልልዎት ነው።»

«ደህና ዋልኩ። አንተስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አፍንጫህን ልቀቀው።»

ለቀቅኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ባልጠላሁ! በዚህ መሃል ሌሊሴ ግማሽ አካሏን በመስኮቱ አውጥታ እልል አለች። «ሄደ! ደርሶናል አሉኝ! ደርሶናል!» አስራ አንድ ሰዓት ሊሞላ የቀረው እፍኝ የማትሞላ ደቂቃ ነበር። ኦቦ ፈይሳ ዞር ብለው አዩአት፤ ወደ እኔ ተመለሱ። ስልኩ አሁንም ጆሯቸው ላይ ነው።

«ገመዴ ነበር አይደል?»

«አዎ ኦቦ... ትንሽ።»

«ታዲያ ይንቀሉ አትለኝም?»

«እንዴት ብዬ ኦቦ!»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ በአንድ ጆሮዬ በአየር፣ በሌላው በስልክ ደረሰኝ። «እኔም እንደማይሞላ ካወቅሁ ቆይቻለሁ» አሉ። «ልነቅለው ስንት ጊዜ እጄን ሰድጄ መለስኩ። ግን አንተ በሞቴ ብለህ በገዛ እጅህ ሰክተህልኝ... ኮምፒውተርህን የናቅኩብህ መስሎ እንዳይሰማህ ፈራሁ። ወገቤ እስኪላቀቅ ነው የተቀመጥኩልህ!»

አያችሁልኝ? እሳቸው እኔን ፈርተው፣ እኔ እሳቸውን ፈርቼ፣ በመሃል የሰው ማስተርስ በክብሪት እንጨት ሊቀር!

ሁለታችንም ሳቅን። ወሬው አልቋል፤ የቀረው ስልኩን መዝጋት ነው። እኔ ታናሽ ነኝ፤ በታላቅ ጆሮ ላይ ስልክ አልዘጋም። እሳቸው ደግሞ ደዋዩ እኔ ስለሆንኩ፣ በሰው ሒሳብ የተደወለ ስልክ ቀድሞ መዝጋት ነውር ነው ብለው ያምናሉ።

«እሺ ልጄ...»

«እሺ ኦቦ...»

«እንግዲህ...»

«እንግዲህ... እርስዎ ይዝጉት።»

«ኧረ አንተ ዝጋው።»

«በሞቴ ኦቦ!»

ባንዲራው ሥር ቆመን ስንለማመን፣ የጽዳት ሠራተኞቹ በሮቹን ቆልፈው ሲያልፉን፣ ያገላገለን ኔትወርኩ ነው። ማንንም ሳያስፈቅድ ቆረጠው። በከተማችን ይሉኝታ የማያውቅ እሱ ብቻ ነው!