አማቴ ያስተካከሏት መኪና

ሰው ከዕድሜው ጋር የማይሄድ ነገር ሲወድ ሁለት ሥራ ይኖረዋል፤ አንዱ መውደድ፣ ሌላው መደበቅ። መውደዱስ ባልከፋ፤ የሚያደክመው መደበቁ ነው። ስንቱ የተከበረ አባወራ ነው ጓዳ ገብቶ ክራር የሚከረክረው፣ ጣሪያ ላይ እርግብ የሚያረባው፣ በር ሲንኳኳ ግን ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ዘይት መወደድ የሚያወራው? እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። አርባን ተሻግሬያለሁ። ወልድያ ላይ ነጭ ጋዋን ለብሼ መድኃኒት እሸጣለሁ። ሰው "ከምግብ በፊት ነው በኋላ?" ብሎ ጠይቆኝ መልሴን ያለ ጥርጥር ይዞ ይሄዳል። ፍቅር የያዘኝ ግን በሪሞት በምትነዳ፣ ክንድ በማትሞላ መኪና ነው።

መጫወቻ ናት እንዳትሉኝ። ባለቤቴ ትርንጎ ብላኛለች፤ እሱ ይበቃል። መጫወቻ ከካርቶኑ ወጥቶ ባትሪ ገብቶለት ይሄዳል። የእኔዋ የመጣችው በትንንሽ ፌስታል ተከፋፍላ፣ ብሎኗ ለብቻ፣ ጥርሷ ለብቻ፣ ጎማዋ ለብቻ ሆና ነው። ደግሞ ሥራዋ መሄድ አይደለም፤ መንሸራተት ነው። ድሪፍት ይሉታል። ኩርባ ላይ ስትደርስ ኋላዋን ወደ ውጭ ትጥላለች፣ የፊት ጎማዋን ወደ ተቃራኒው ታዞራለች፣ ከዚያ ሠርግ ቤት መሐል እንደገባች ጨፋሪ በጎኗ ተንሳፍፋ ታልፋለች። ለዚህ ተብሎ ጎማዋ እንኳ ጎማ አይደለም፤ ምንም የማይቆነጥጥ ደረቅ ፕላስቲክ ነው። ሆዷ ውስጥ ደግሞ ጋይሮ የሚሏት የክብሪት ቀፎ ግማሽ የምታክል ነገር አለች። መኪናዋ መንሸራተት ስትጀምር ከነጂው ቀድማ ታውቅና መሪውን ወደሚገባው አቅጣጫ ትመልሳለች። እንዲህ ያለች ነገር ለሰውም ብትሠራ ስንቱ ከስንት ነገር በዳነ!

በየምሳ ሰዓቱ መድኃኒት ቤቱን ዘግቼ ከኋላ ክፍል እገጣጥማት ጀመር። ለአሞርዛተሮቿ ዘይት የሞላሁላት በስሪንጅ ነው፤ የሕፃን ሽሮፕ እንኳ እንደዚያ ተጠንቅቄ ለክቼ አላውቅም፤ ይህንን ለደንበኞቼ እንዳትነግሩብኝ። ተገጣጥማ ያለቀች ዕለት መሬት አስቀመጥኳትና በቀስታ ነዳሁ። መኪናዋ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠችና ጸበል እንደነካው ሰው ባለችበት ትሽከረከር ገባች። ተሽከርክራ ተሽከርክራ የሳል ሽሮፕ የተደረደረበትን መደርደሪያ እግሩን መታችው። ሁለት ጠርሙስ ወረደ። በር ላይ ቆመው መከፈቱን የሚጠብቁ አንዲት እናት "ኧረ ምን ተሰበረ፣ ደህና ነህ ወይ?" አሉ። "ዕቃ እያስተካከልኩ ነው" አልኳቸው። ውሸት አልነበረም። ኋላ ሳየው ጋይሮዋን የገጠምኳት በተገላቢጦሽ ኖሯል፤ መሪውን ወደሚያድናት ሳይሆን ወደሚገለብጣት አቅጣጫ ትመልሰው ነበር ማለት ነው።

እሱን አቃናሁ። ከዚያ የጋይሮዋን ኃይል መጠን ማግኘት መጣ፤ ሲበዛ የፊት ጎማዎቿ ወባ እንደያዘው ይንቀጠቀጣሉ፣ ሲያንስ ትሽከረከራለች። ባትሪዋን ወደ ፊት ገፋሁ፣ ወደ ኋላ መለስኩ። የፊት ጎማዎቿን በጭንቅላታቸው በኩል ትንሽ ወደ ውስጥ አዘነበልኩ። በመጨረሻ የቀረኝ ወለል ብቻ ሆነ። ወልድያ ውስጥ ደግሞ ለስላሳ የሆነው ወለል ሰፊ አይደለም፣ ሰፊ የሆነው ለስላሳ አይደለም፣ ሁለቱንም የሆነው ባለቤት አለው። አስፋልቱን እንደሆነ ባጃጆቹ አይለቁትም።

ሰፊም ለስላሳም የሆነ ወለል የማውቀው አንድ ነበር፤ መርሳ፣ የአማቴ የጋሽ ሞላ ግቢ።

ጋሽ ሞላ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። የግራ ካሱን ተራራ በጭጋግ ወጥተውታል፣ የድልብን ዳገት በክረምት ወርደውታል። ለመኪናቸው ማደሪያ ብለው ከማንጎው ዛፍ ወዲህ ያለውን ግቢ በሙሉ ሊሾ አስደርገውት ነበር፤ መስታወት ነው ብትሉ አልተጋነነም። ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ የጠየቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር አሉ፤ "ልጁ ምን ይነዳል?" ሽማግሌዎቹ "ፋርማሲስት ነው፣ የተማረ ነው" ቢሏቸው፣ "እሱን መቼ ጠየቅኩ" አሉ። ትርንጎን የሰጡኝ እሷ ስለወደደችኝ ነው። እኔን ግን እስካሁን "አንተ ሰው" ነው የሚሉኝ።

ዓይናቸው የሩቁን አልለይ ሲላቸው መንጃ ፈቃዳቸው ሳይታደስ ቀረ፤ መኪናዋም ተሸጠች። ከዚያ ወዲህ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ባዶው ሊሾ አዙረው መዋል ሆነ ሥራቸው። "እንዴት አደሩ?" ሲባሉ "ደህና"፤ "ምሳ ይቅረብ?" ሲባሉ "ይቅር"። ትርንጎ ከመርሳ በተመለስን ቁጥር ሚኒባሱ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትመጣለች። አባቷ እንዲህ እየሆኑ እንደሚሄዱባት ገብቷት ነበር። ለዚህ የሚሆን መድኃኒት ደግሞ እኔ መደርደሪያ ላይ የለም።

አንድ እሑድ መኪናዋን በጓንት ካርቶን ደብቄ መርሳ ወረድን። ትርንጎ ደርሳበት ኖሮ "አባባ ፊት ብቻ እንዳታዋርደኝ" አለችኝ። ማልኩላት። ከምሳ በኋላ ጋሽ ሞላ ጎረቤት ለቅሶ ሊደርሱ ወጡ። ለቅሶ ሄዶ ቶሎ ይመለሳል ብሎ የሚጠረጥር ማን አለ? ካርቶኑን ከፈትኩ።

ምን ልበላችሁ! ሊሾው ላይ ስለቃት ያ ሁሉ የምሳ ሰዓት ዋጋ አገኘ። ኋላዋን ጣለች፣ መሪዋን መለሰች፣ የማንጎውን ግንድ በጎኗ ዞረችው፣ ደግማ ዞረችው። እኔም ራሴን ረሳሁ። በአፌ የሞተር ድምፅ ሳወጣ እንደነበር ያወቅሁት ድንገት ዝም ያልኩ ጊዜ ነው። ዝም ያልኩት ደግሞ ጋሽ ሞላ በሩ ጋ ቆመው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ስላየሁ ነው። ለካ ሰዎቹ ለቀብር ሐራ ሄደው ቤቱ ተዘግቶ ኖሯል።

መኪናዋ እግራቸው ሥር ሄዳ ቆመች። ጎንበስ ብለው አነሷት። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ገለበጧት። የቅርቡን አሁንም አሳምረው ያያሉ።

"ጎማው ሞልጧል" አሉ።

"አይ ጋሼ፣ ሲሠራም እንደዚያ ነው" አልኩ።

"የፊት እግሩም ተወላግዷል።"

"እሱን እኔ ነኝ ያወላገድኩት።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ለምን?"

ምርጫ አልነበረኝም፤ ተናገርኩ። እንድትንሸራተት ተብላ እንደተሠራች፣ በደንብ እንድትንሸራተት ስንት ጊዜ እንደለፋሁባት፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ትርንጎ ከኩሽና ወጥታ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ቆማለች።

ጋሽ ሞላ መኪናዋን አንዴ ደግመው ገለበጧትና፣ "ስማኝ አንተ ሰው" አሉ። "እኔ ድልብ ላይ ጎማ ባዳለጠኝ ቁጥር ለገብርኤል ጃንጥላ እየተሳልኩ ነው የኖርኩት። ቤተ ክርስቲያኑ ጃንጥላ ማስቀመጫ እስኪያጣ። አንተ ደግሞ ቁጭ ብለህ፣ በጤናህ፣ መኪና መንሸራተት ታስለምዳለህ?"

"ልክ ነዎት ጋሼ" አልኩ። ካርቶኑን አንስቼ ላስገባት እጄን ስዘረጋ ግን አልሰጡኝም። "ተዋት። አያታለሁ" አሉ። "የሞላ ልጅ ባል እንዲህ ያለ መኪና ይዞ አስፋልት አይወጣም።"

ያቺ መኪና እኮ ከእጄ ከወጣች ሚዛኗ ሚዛን አይሆንም። ትርንጎን አየኋት። አፏን የሸፈነችበት ነጠላ ወርዶ አባቷን ነው የምታየው። ስንት ጊዜዋ ነው እኚህ ሰው "ይቅር" ሳይሉ አንድ ነገር ሲፈልጉ ስታይ? ቻርጀሩንና ሪሞቱን አምጥቼ አጠገባቸው አስቀመጥኩ። እንዴት እንደሚሞላ ላስረዳ ስጀምር "እንዳትነግረኝ" አሉ።

በሳምንቱ ስንመለስ ወንበሩ ከበረንዳው ተነስቷል። ጋሽ ሞላ ሊሾው መሐል ቆመዋል። እንደሳቸው ጡረታ የወጡ ሁለት ሾፌር ጓደኞቻቸውም አሉ። "ና፣ ና አማችዬ!" አሉኝ። በትዳር ዘመኔ ሙሉ እንዲህ ተጠርቼ ስለማላውቅ ወደ ኋላዬ ዞሬ ሌላ ሰው መኖሩን አየሁ።

"አስተካከልኩልህ" አሉ።

የፕላስቲክ ጎማዎቹ የብስክሌት ካላማዳሪያ ተቆርጦ ተጠልቆላቸዋል። ያዘነበልኳቸው የፊት እግሮቿ እንደ ወታደር ቀጥ ብለዋል። ጀርባዋ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ድንጋይ ተጭኖ በሲባጎ ታስሯል። "የሚያዳልጠው ባዶ መኪና ነው" ብለው አስረዱኝ፤ "ጭነት ሲኖረው ልብ ይገዛል።" ጋይሮዋስ? ከኪሳቸው አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። "መሪው ውስጥ ገብታ ስትፈተፍት አገኘኋት። ሬዲዮ ጠጋኙን ጠርቼ አስነቀልኳት። ሾፌር ባለበት መሪ የምታዞር እሷ ማን ናት?"

ከዚያ ነዱ። መኪናዋ ዳር ዳሩን ይዛ፣ በዝግታ፣ አንዲት ጣት ሳትንሸራተት ግቢውን ዞረች። ማንጎው ጋ ስትደርስ ፍጥነቷን ቀነሰች። በሩ ጋ ቆመች። ጡረተኞቹ አጨበጨቡ። አንዱ "ሞልዬ፣ ይቺስ ጂቡቲ ትደርሳለች" አሉ። ጋሽ ሞላ ሳቁ። ሲስቁ ጥርሳቸው እንዲህ ነጭ መሆኑን አላውቅም ነበር። ትርንጎ ጎኔን በክርኗ ወጋ አደረገችኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" አልኩ። ያ ሁሉ ልፋቴ በአንድ ሳምንት ውስጥ በጥንቃቄ፣ ብሎን በብሎን ተነቅሎ አልቋል፤ እኔ ቆሜ አመሰግናለሁ። የሚገርመው ደግሞ ምስጋናው ከልቤ መሆኑ ነው። ምሳ ላይ አማቴ ስለ ግራ ካሱ እያወሩ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። ትርንጎ ወጥ እየጨመረች ፊቷን ታዞራለች።

ከምሳ በኋላ መኪናዬን ልውሰድ ብዬ ሪሞቱን ጠየቅሁ።

"ፈተና አለ" አሉ ጋሽ ሞላ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ማንም አልሳቀም። ሊሾው ላይ ድንጋይ ተደረደረ፤ በመሐል ወደፊት አልፌ፣ ዞሬ፣ በኋላ ማርሽ እንድገባ ታዘዝኩ። ሁለቱ ጡረተኞች ግራና ቀኝ ቆሙ። እንዲያው ምን ያቅታል? ነገር ግን ጣቴ የለመደው መንሸራተት ነው፤ ኩርባው ላይ ስደርስ ሳላስበው መሪውን ወደ ተቃራኒው መለስኩ። የቀድሞዋ መኪናዬ ብትሆን በጎኗ ተንሳፍፋ በምታልፍ ነበር። ይቺ ግን የታዘዘችውን የምትፈጽም ጨዋ ሆናለች፤ ቀጥ ብላ ሄዳ ድንጋዩን ገጨችው። ከነጭነቷ።

"ወድቀሃል" አሉ ጋሽ ሞላ፣ ሪሞቱን እየተቀበሉኝ።

አንደኛው ጡረተኛ አዘኑልኝ። "ኧረ ይለፍ፣ ሞልዬ። አማችህ አይደል እንዴ?" አሏቸው።

ጋሽ ሞላ ኮስተር አሉ። "በዝምድና መንጃ ፈቃድ አይሰጥም" አሉ።

ይኸው በየእሑዱ መርሳ እየወረድኩ እማራለሁ። ባለፈው ወደፊት መንዳቱን አልፌያለሁ፤ የኋላ ማርሹ ግን ገና ነው። እንግዲህ አገር ምድሩ ጉዳዩን በዘመድ በሚጨርስበት ጊዜ፣ በዝምድና የማያሳልፍ አንድ ሰው ቢገኝ አማቴ ሆነው ተገኙ፤ ዘመዱም እኔ ሆንኩ።