የአርብ ዶክተር

አንባቢዬ፣ ተከታታይ ድራማ በየሳምንቱ አንድ ክፍል ቢለቀቅ ይሻላል ወይስ ሁሉም በአንድ ጊዜ? ይህን ከባድ ጥያቄ ያጠናሁት አረብ አገር፣ መንፉሐ በሚባል ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ነው። አርብ የእረፍት ቀናቸው የሆነ እህቶች እዚያ ይሰበሰባሉ።

ከሁሉም የሚከበሩት እትዬ ስንዱ ናቸው። ሺፋ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ይሠራሉ፤ አሠሪያቸው ማዳም የምታየውን የአረብኛ ድራማ ልብስ እየተኮሱ ያያሉ። ድራማው ሙሉውን በአንድ ቀን ተለቋል። እትዬ ስንዱ ግን የሚተርኩልን በሳምንት አንድ ክፍል ብቻ ነው። የድራማው ዋና ሰው፣ ዶክተሩ፣ ከደረጃ ሲወድቅ "ኸላስ፣ በቃ፣ የቀረው ለአርብ" ብለው ይነሳሉ። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት አይከበር? ለስላሳው ትራስም ትልቁ ሳምቡሳም የእሳቸው ነው።

ባለፈው አርብ ዘይነባ የምትባል አዲስ እንግዳ መጣች። ድራማውን በስልኳ በሁለት ቀን ጨርሳዋለች። እትዬ ስንዱ በትረካቸው ዶክተሩን ለሠርጉ ሱፍ ሲያለብሱት አላስቻላትም።

"እህቴ፣ እሱ እኮ በሁለተኛው ክፍል ሞቷል" አለች።

ለመሆኑ እትዬ ስንዱ አረብኛው ምን ያህል ይገባቸዋል? ሁላችንም ቀስ ብለን ትራሱን አየን።

እትዬ ስንዱ ሻያቸውን ፉት አሉ። "ተቻኩለሽ ነዋ። በሁለት ቀን እንዲህ ሲያሯሩጡት ማን ይተርፋል? ቀስ ብለሽ ብታዪው አይሞትም ነበር።"

"እውነታቸውን ነው" አለች አክስቴ፣ ሳምቡሳውን እያቀረበችላቸው።

ዘይነባ ጥቂት አሰበችና ወደ ምንጣፉ ጠጋ አለች።

"እና ሠርጉ መቼ ነው?"

"አርብ፣ ኢንሻአላህ።"