የሳምሶን አሯሯጭ

ሳምሶን ከተማው ውስጥ፣ ሴቻ ላይ፣ የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ጫኖ ገጠር ላይ ደግሞ ከአማቱ የተረከበው የሙዝ ማሳ አለው። በቅርቡ አንድ ሆቴል ውስጥ «የአመራር ጥበብ ከስኬታማ አትሌቶችና አሠልጣኞች» የሚል ሥልጠና ወስዷል። ከዚያ ወዲህ ሚስቱን መቅደስን እንኳ «ቡድኑ እንዴት አደረ?» እያለ ነው የሚጠይቃት፤ ቡድኑ እሷና ሁለት ዶሮዎች ናቸው። ዛሬ የሙዝ አምራቾች ማኅበር ሊቀመንበሩን ይመርጣል። ሳምሶን ለዚህ ወንበር ልቡ ቋምጧል፤ ለአማቱም «ማታ ሊቀመንበር ሆኜ ካልመጣሁ ልጅዎን ይውሰዱ» ብሎ ፎክሯል፤ ይህን ያለው ሞቅ ብሎት ቢሆንም አማቱ ግን ነገር አይረሱም። አሁን ከመሰብሰቢያው አዳራሽ ጀርባ ማንጎው ሥር፣ ቱታው ላይ ከረባት አስሮ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሎ፣ የማሳ ጎረቤቱን ሲላስን አቁሞ ያሠለጥናል። ሲላስ ጉልበት እንጂ ብልጠት አልተሰጠውም፤ ሳምሶን ቢያንስ እንደዚያ ያምናል።

ሲላስ፦ አይሆንም ጋሽ ሳምሶን፣ አይሆንም! ቱታ ከሆነ ቱታ፣ ከረባት ከሆነ ከረባት ነው።

ሳምሶን፦ ቱታው አሠልጣኝነቴን ያሳያል፤ ከረባቱ መሪነቴን።

ሲላስ፦ ከሩቅ ላየህ ግን ሰርግ ላይ ኳስ ልትጫወት የመጣህ ነው የምትመስለው።

ሳምሶን፦ ትልቅ ሰው መጀመሪያ ይሳቅበታል። ይልቅ ጉልበትህን ከፍ አድርግ! ከፍ! ከፍ!

ሲላስ፦ [ባለበት እየሮጠ፣ እያለከለከ] ቆይ፣ እኔ ለምንድን ነው የምሮጠው? ተወዳዳሪው አንተ አይደለህ?

ሳምሶን፦ አሠልጣኝ አይሮጥም። ዳር ቆሞ ይጮኻል።

ሲላስ፦ ሜዳሊያውን ማን ይወስዳል?

ሳምሶን፦ የሮጠው ነዋ!

ሲላስ፦ [ፊቱ በርቶ] እኔ ነኛ!

ሳምሶን፦ አይደለህም! እኔ አሠልጣኝም ነኝ፣ ኮከብ ተጫዋችም ነኝ። ደግሞ ልብ በል፤ ጎበዝ አሠልጣኝ ኮከቡም ቢሆን ካጠፋ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ምሕረት የለም!

ሲላስ፦ ስታጠፋ ራስህን ታስቀምጣለህ?

ሳምሶን፦ እኔ አላጠፋም።

ሲላስ፦ ታዲያ ወንበሩ ባዶውን ሊውል ነው?

ሳምሶን፦ አንተ ትቀመጥበታለህ።

ሲላስ፦ ምን አጥፍቼ?

ሳምሶን፦ ጥያቄ አብዝተህ! አሁን ስማኝ፤ አሸናፊ ወደ ኋላ አያይም።

ሲላስ፦ ከኋላው በሬ ቢመጣስ?

ሳምሶን፦ ስታዲየም ውስጥ ምን በሬ አለ?

ሲላስ፦ ጫኖ ግን አለ።

ሳምሶን፦ [ፊሽካውን ነፍቶ] በቃ! የቤት ሥራህን ሠርተሃል? ታላቅ አትሌት ከውድድሩ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ድሉን ያያል። ሌሊቱን ዓይንህን ጨፍነህ ድሌን እይልኝ ብዬህ ነበር።

ሲላስ፦ ጨፍኜአለሁ።

ሳምሶን፦ እሺ፣ ምን አየህ?

ሲላስ፦ ጉማሬ።

ሳምሶን፦ ምን?

ሲላስ፦ ከሐይቁ ወጥቶ ሙዝህን ሲበላ። ግን ድል አድርጓል ጋሼ፤ አንድ ግንድ አላስቀረም።

ሳምሶን፦ [በረጅሙ ተንፍሶ] ተወው። ዋናው ስልት ይሄ ነው፤ ጆሮህን ስጠኝ። በትልልቅ ሩጫዎች ላይ አሯሯጭ የሚባል አለ። ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን ያሞቃል፣ መንገድ ላይ ግን ጥሎ ይወጣል፤ ከዚያ ዋናው ሯጭ ብቻውን ገብቶ ያሸንፋል። ዛሬ የኔ አሯሯጭ አንተ ነህ።

ሲላስ፦ እሺ። ምን ላድርግ?

ሳምሶን፦ አጎትህ ይጠቁምሃል፤ ተነጋግረናል። ስምህ ሲጠራ ብድግ በል። ከዚያ «እኔ አልችልም፣ ተዉኝ!» ብለህ እየሮጥክ ውጣ። ሰዉ ሰው አጥቶ ግራ ሲገባው እኔ ከች እላለሁ።

ሲላስ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። የኛ አገር ሽማግሌዎች እኮ ሹመት የሚሸሽ ሰው ሲያዩ...

ሳምሶን፦ አሯሯጭ አይናገርም!

ሲላስ፦ አይ፣ በተለይ ከደጋ የመጡት ጋሽ ገነነ ካሉ...

ሳምሶን፦ ሲላስ! ሥልጠና የወሰደው ማን ነው?

ሲላስ፦ አንተ።

ሳምሶን፦ ሰርተፍኬቱ የማን ነው?

ሲላስ፦ ያንተ።

ሳምሶን፦ እንግዲያው ግባ!

[ሲላስ ይገባል። ሳምሶን «ኮከብ መጨረሻ ነው የሚገባው» ብሎ ማንጎው ሥር ሰውነቱን ያሟሙቃል፤ ለንግግሩም ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ከአዳራሹ ጭብጨባ ሲሰማ ልቡ በደስታ ልትፈነዳ ትደርሳለች። ወዲያው ሲላስ አንድ እግር ጫማውን ጥሎ፣ ሸሚዙ ተቀዶ፣ እየበረረ ይመጣና ከማንጎው ግንድ ኋላ ይሸጎጣል።]

ሳምሶን፦ ጀግና! ጥለህ ወጣህ?

ሲላስ፦ ወጣሁ።

ሳምሶን፦ አሞቅክልኝ?

ሲላስ፦ ከመጠን በላይ ሞቋል። ደብቀኝ!

ሳምሶን፦ ከማን?

ሲላስ፦ ከመራጮቹ! አጎቴ ስሜን ሲጠራ አንድም ሰው አላጨበጨበም። እንዳልከኝ «እኔ አልችልም፣ ተዉኝ» ስል ግን ጋሽ ገነነ ብድግ አሉና «ይሄ ነው ሰው!» አሉ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ሳምሶን፦ እንዴት ነው ሰው?

ሲላስ፦ ልነግርህ ነበር እኮ! በኛ በደጋዎቹ ዘንድ ድሮም ሹመት ድግሱ፣ ጣጣው ብዙ ነው። ነገሩ የገባው ሰው ይሸሻል፤ ሽማግሌዎቹም የሸሸውን አሳደው ይዘው ይሾሙታል።

ሳምሶን፦ ይሄ ማኅበር ነው! የሙዝ ማኅበር!

ሲላስ፦ እኔም እንደሱ አልኳቸው። «ትሕትናውን እዩለት» አሉ። በሩ ላይ ሲይዙኝ ጫማዬን ትቼላቸው መጣሁ።

ሳምሶን፦ [ድምፁ ተሰብሮ] የኔን ስምስ አልጠራህላቸውም?

ሲላስ፦ እንዴት አልጠራም! «ሳምሶን አለላችሁ» አልኩ። «ወንበሩን እንደሱ የሚመኘው የለም፤ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል፤ አሁን እንኳ ውጭ ሰውነቱን እያሟሟቀ ነው» አልኳቸው።

ሳምሶን፦ ምን አሉ?

ሲላስ፦ «ይህን ያህል የሚመኘው ምን ሊያደርግበት ነው?» አሉ።

[ሳምሶን የማንጎው ሥር ላይ ዘፍ ይላል። አማቱ በዓይነ ሕሊናው ድቅን ይሉበታል፤ ማልቀስ ያምረዋል። ግን የሠለጠነ ሰው ነውና ወዲያው አዲስ ስልት ይመጣለታል።]

ሳምሶን፦ የሸሸውን ነው የሚሾሙት አልክ?

ሲላስ፦ አዎ።

ሳምሶን፦ እንግዲያው መሸሽ እንዴት እንደሆነ አሳያቸዋለሁ! [ከረባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ በመስኖው ቦይ ጠርዝ እየሮጠ] አልፈልግም! ወንበር አልፈልግም! ተዉኝ!

ሲላስ፦ ጋሼ! ማንም አልተከተለህም!

ሳምሶን፦ [ከሩቅ] ንገራቸዋ!

ሲላስ፦ [ወደ አዳራሹ] እናንተ! ጋሽ ሳምሶን እየሸሸ ነው!

ገነነ፦ [ሽማግሌው በመስኮት ብቅ ብለው] ይሽሽ ልጄ፣ ማን ከለከለው? [ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው] ኧረ! ሲላስ ማንጎው ሥር ነው! ያዙት!

[ሲላስ እግሬ አውጪኝ ይላል። ሌላ መንገድ የለምና ሳምሶን በሄደበት በቦዩ ጠርዝ ይፈተለካል፤ ማኅበርተኛው በሙሉ ከኋላው። ሳምሶን የእግር ኮቴ ሰምቶ ዞር ቢል፣ ሕዝብ ሲጎርፍ ያያል። በዕድሜው እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።]

ሳምሶን፦ መጡልኝ! [እርምጃውን ቀስ አድርጎ] አልችልም ወገኖቼ! አታስገድዱኝ! [ጥቂት ጠብቆ፣ ለስለስ ብሎ] እርግጥ ነው፣ ሕዝብ ከለመነኝ...

ሲላስ፦ ጋሼ፣ ከመንገዱ ዞር በል!

ሳምሶን፦ [ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ] በሉ እንግዲህ ያዙኝ!

[ሲላስ ባለ በሌለ ክብደቱ ይጋጨዋል። ተቃቅፈው ቦዩ ውስጥ ይወድቃሉ። ማኅበርተኛው ደርሶ ሲላስን ብቻ ጎትቶ ያወጣል። ጋሽ ገነነ በደጋው ወግ ለሹመቱ ምልክት እርጥብ ሣር ቀጥፈው ያስይዙትና ይመርቁታል።]

ገነነ፦ አንተም ተባረክ ልጄ ሳምሶን! አንተ ባትይዘው አምልጦን ነበር። አጨብጭቡለት!

[ይጨበጨባል። ሳምሶን ውሃው ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ሳያስበው ለጭብጨባው እጅ ይነሳል።]

ሲላስ፦ [እየተንቀጠቀጠ] ጋሽ ገነነ፣ በቃ እሺ፣ ተሸንፌአለሁ። ግን ያለ ጋሽ ሳምሶን አልሠራም። ምክትሌ ይሁን።

ገነነ፦ መልካም ብለሃል። ሳምሶን ልጄ፣ ምክትል ሊቀመንበርነቱን ትፈልጋለህ?

[ሳምሶን «አዎ» ሊል አፉን ይከፍታል፤ ይዘጋዋል። እዚህ አገር ሰው እንዴት እንደሚሾም አሁን ገብቶታል፤ ሁለተኛ አይሞኝም። ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ከረባቱን ይጨምቃል፣ ደረቱን ይነፋል።]

ሳምሶን፦ በፍጹም! አልፈልግም! ብትገድሉኝ አልፈልግም!

ገነነ፦ ጥሩ፤ ሰው እንዲህ ቁርጡን ሲናገር ደስ ይላል። በሉ ሌላ ሰው ጠቁሙ።