ለፈተና ሳትቀመጥ የተለቀሰላት የወለተማርያም ዜና

በዘመነ ሉቃስ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ደርግ በተቀመጠ በዘጠነኛው ዓመት፣ ስኳር በቀበሌ ካርድ በሚሰፈርበት ዘመን፣ በወርኃ ጥር፣ የጉለሌዋ እመቤት፣ የኬሚስትሪ ባለሟል፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ወለተማርያም፣ ፈተናው ሰኞ ሆኖ ሳለ፣ ዓርብ ዕለት ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው፣ ከዶርም ወጥተው፣ በአውቶቡስ ገሥግሠው ከእናታቸው ቤት ደረሱና፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ «ኮሌጁን ትቻለሁ፤ የፈለገ ይማርበት!» ብለው አወጁ።

እናታቸው ወይዘሮ የሺ ክፉውን አስቀድሞ ማሰብ ልማዳቸው ነበርና የልጃቸውን መልክ መረመሩ፤ እነሆም የግራ ዓይናቸው ይርገበገባል፣ ጥርሳቸው በእንቅልፍ ይፋጫል፣ ጉርሻ ከጉሮሯቸው አይወርድም፣ አንዱን ገጽ ደጋግመው አንብበው ምን እንዳለ አያውቁም፣ ስኒ ቢሰበር ያለቅሳሉ። ወይዘሮ የሺም መጀመሪያ ጨጓራ ነው አሉ፣ ቀጥሎ ሳንባ ነው አሉ፣ ኋላም ዓይነ ጥላ ነው አሉ፤ ይልቁንም ይህን ሁሉ ዘመን የደከሙበት የልጃቸው ትምህርት ሰኞ ጧት ባዶ ሊቀር ነው ብለው ተንቀጠቀጡ።

ወእምዝ፣ ቅዳሜ ማለዳ ግቢው መካከል ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ስሙኝማ ጎረቤቶቼ! የሰማሽ ላልሰማች አሰሚ! እስከ ሰኞ ልጄ ታጠናለች። ሬዲዮ የከፈተ፣ ሙቀጫ የወቀጠ ከእኔ ጋር ተጣላ! አንተ ኑሪ፣ ያ ሬዲዮህ ትንፍሽ ቢል ዓይንህን አላይም!»

ለዚህም አዋጅ የታዘዙት እነዚህ ናቸው፦ ባለሱቁ ኑሪ፣ የሬዲዮ ጌታ፣ ባትሪውን አውጥቶ ኪሱ ከተተ፤ ሚስቱ ዓሊማ፣ የበርበሬ መቅሠፍት፣ ሙቀጫዋን ገለበጠች፤ ልብስ ሰፊው አቶ ቱሉ የስፌት መኪናቸውን አቆሙ፤ አውራ ዶሮውም ቅርጫት ተደፋበት። ሴቶቹም ነጠላቸውን ተከናንበው በእግር ጣታቸው ይራመዱ ጀመር።

ነገር ግን ጸጥታው ወለተማርያምን እንደ ድንጋይ ተጫናቸው። ግቢው ሁሉ ስለ እርሳቸው ትንፋሹን መያዙን ባሰቡ ቁጥር ያነበቡት ይጠፋባቸው ነበር፤ እናታቸውም በሩን ገርበብ እያደረጉ አንድ ዓይናቸውን ያስገቡ ነበር፤ ከዚያ ዓይንስ የሠራዊት ጩኸት በተሻላቸው።

በዚያው ረፋድ የዕድሩ ሹም ወይዘሮ ጸሐይ በደጅ ሲያልፉ፣ ሬዲዮው ዝም ብሎ፣ ሙቀጫው ተገልብጦ፣ ወይዘሮ የሺም ዓይናቸው ቀልቶ፣ አገጫቸውን ደግፈው ደፍ ላይ ተቀምጠው አዩ። ልጅቷ ታማ መምጣቷን ሰምተው ነበርና፣ በሐዘን ቤት ደጅም ማን ሞተ ተብሎ አይጠየቅምና፣ ምንም ሳይተነፍሱ ተመለሱ። ከቀትር በኋላ ግን ሠራዊታቸውን ይዘው ዘመቱ፤ ድንኳን የተሸከሙ በቀኝ፣ አግዳሚ ወንበር የተሸከሙ በግራ፣ ትኩስ ንፍሮ የያዙ ሴቶች በኋላ ሆኑ። ወይዘሮ ጸሐይም ደረታቸውን እየደቁ እንዲህ አሉ፦

«ደብተር ተሸክማ ከኮሌጅ የመጣች፣
ሰኞን ሳታይብን ቅዳሜ ተቀጨች!»

ወይዘሮ የሺም ይህን በሰሙ ጊዜ ልጃቸው ጓዳ ውስጥ የሞተች መስሏቸው፣ ገብተው ሳያዩ፣ ከሁሉ አስበልጠው ጮኹ።

ያን ጊዜ ወለተማርያም ብርድ ልብስ እንደ ካባ ደርበው፣ እርሳስ ጠጉራቸው ላይ ሰክተው ብቅ አሉ። ለቅሶው ቀጥ አለ፤ ድንኳኑ በተሸካሚዎቹ እግር ላይ ወደቀ፤ ወይዘሮ ጸሐይም አማትበው ከኑሪ ኋላ ተሸሸጉ። ወለተማርያም ድንኳኑን አዩ፣ ንፍሮውን አዩ፣ መሬት ላይ የተዘረጉትን እናታቸውን አዩ፤ ሳቅም ያዛቸው፤ ግድግዳ ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያም አወጁ፦

«ስሙ! ጨጓራዬም ሳንባዬም ደህና ነው። የያዘኝ ጭንቀት ነው፤ በቃ፣ ስሙ ይኸው ነው! እማዬ፣ አንቺንም ይዞሻል። ንፍሮዬ ከተቀቀለ ወዲያ ፈተና ምን ይጨምርብኛል? ኑሪ፣ ባትሪህን መልስ! ዓሊማዬ፣ ዘነዘናውን ወዲህ በይ! እማዬ፣ ሳታንኳኪ አትግቢ፤ ሲርበኝ እኔው እጮኻለሁ!»

ይህንም ብለው ዘነዘናውን ጨበጡ፤ የዓሊማን በርበሬ ግቢው ሁሉ እስኪያስነጥስ ወቀጡ፤ ክንዳቸው ሲዝል ረሃብ ተሰማቸው፤ በለቅሷቸው ወንበር ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣ የገዛ ንፍሯቸውን እየዘገኑ በሉ። ከዚያ አንድ ምዕራፍ ብቻ አንብበው፣ ሬዲዮው እየዘፈነ፣ የአቶ ቱሉ መኪና እየጮኸ፣ ጥርሳቸውን ሳያፋጩ ተኙ። እሑድም ጥቂት አነበቡ፣ ከዓሊማ ጋር የእንጦጦን ዳገት ጥቂት ወጡ፣ ተመልሰውም አነበቡ።

ሰኞ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ወይዘሮ የሺም የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ሸኟቸው፤ አውቶቡሱ በጳውሎስ ሆስፒታል በኩል ሲታጠፍ ይገለበጣል ብለው ሳያስቡ ወደ ቤታቸው የገቡት በዕድሜያቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

እንግዲህ ከተማ የያዙ፣ አምባ የሰበሩ ጀግኖች ብዙ ናቸው። ጭንቀታቸውን እንደያዙ እርሳሳቸውን ቀርጸው፣ ከፈተናው ወንበር ላይ ሄደው የተቀመጡ ግን የእኛይቱ ወለተማርያም ናቸው፤ ጉለሌ ትመካባቸው፤ እናታቸውም ደረታቸውን ነፍተው ይሂዱ!