የጥላው ወንበር የብርቄ ነው

ቅናት እንደ አርባ ምንጭ ሙቀት ነው፤ ጥላ ሥር ብትገቡም ተከትሏችሁ ይገባል። እሱስ ይሁን። ሌላዋ ሴት ግን ስትቀና የምትቀናባት ሰው አለቻት። መንገድ ጠብቃ ትሰድባታለች፤ ሲብስባት ጸጉሯን ይዛ ትጎትታታለች። እኔ ምኗን ይዤ ልጎትታት? ጸጉር የላትም። ጆሮ የላትም። «እግርሽ ደጄን እንዳይረግጥ» እንዳልላት እግርም የላትም። የእኔ ጣውንት ዘንዶ ናት።

አትሳቁ። ባሌ ታደለ ጫሞ ላይ ጀልባ ይነዳል፤ እንግዳ አሳፍሮ አዞ ያሳያል። አዞ ሲያይ የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱን ማየት ይናፍቀዋል ብላችሁ ታስባላችሁ አይደል? እኔም እንደዚያ አስቤ ነው ያገባሁት። አንድ ቀን ግን ሙዝ እርሻ ውስጥ ሠራተኞች ሊገድሏት ሲሉ የደረሰላትን፣ ጣት የምታክል ዘንዶ በኮፍያው ይዞ መጣ። «ለዛሬ ብቻ ነው» አለኝ። ያቺ «ዛሬ» እስከ ዛሬ አልመሸችም። ጭራሽ ስም አወጣላት፤ ብርቄ። እኔን «አንቺ» ነበር የሚለኝ፤ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ተሹሜ «የቤዛ እናት» ሆኛለሁ። እሷ ግን ሳትወልድ ሳታምጥ ብርቄ ናት።

ቅናቱ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ፍርሃቱስ? ልጄ ጡት እየጠባች፣ እሷ አይጥ እየዋጠች አብረው ያድጋሉ። ጠዋት ጠዋት ሁለቱን በዓይኔ እለካለሁ። ልጄ አንድ ጣት ስትጨምር ያቺ ክንድ ትጨምራለች። የሣጥኗ ክዳን መዘጋቱን ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ አይቼም አይወስደኝም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ደግሞ የራሴን መቀነት አይቼ ስንቴ ጮኼያለሁ።

መገላገያው የመጣው በዶሮ ነው። የቤት አከራያችን የእትዬ ወይንሸት ዶሮ ጠፋች። እትዬ ወይንሸት መጡና በራችን ላይ ወገባቸውን ይዘው «ወይ እሷ ወይ እናንተ!» አሉ። ታደለ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አሰበ። አገጩን ይዞ፣ ቆሞ፣ አሰበ! ዶሮዋ በማግስቱ ከጎረቤት ጓሮ እያስካካች ተመለሰች፤ የእትዬ ወይንሸት ቃል ግን አልተመለሰም። እኔም በልቤ «እሰየው» አልኩ።

የት ትሂድ ሲባል እናቱ ጋ ምዕራብ ዓባያ ተባለ። አማቴ እማማ ዘነበች ከጋሞ ደጋ ወርደው እዚያ ሙዝና ማንጎ ያለማሉ። በእነሱ ዘር ዘንዶ ወደ ቤት ከመጣ ዕድል ነው፤ አይገደልም፣ አይባረርም፣ አናቱን ቅቤ ተቀብቶ ይቀመጣል። ታደለ በስልክ ሲነግራቸው እልል አሉ። ከዚያ ወዲህ በደወሉ ቁጥር «በላች ወይ? ጠጣች ወይ? ከሳች እንዴ?» ነው። እኔ መብላቴን የጠየቀ የለም። ቅቤውንም ከወዲሁ አዘጋጅተው ቆዩ።

እዚህ ላይ ስለ ቅቤ ትንሽ ላውራችሁ፤ ነገሬ ሁሉ ያለው እሱ ውስጥ ነው። እዚህ አገር ሙሽራ አናቷ ላይ ቅቤ ይደረግላትና አምራ፣ ተጊጣ ገበያ መሃል ትዞራለች። ሶፌ ይሉታል። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ «ይቺ የእገሌ ምራት ናት» ብሎ ያውቃታል። እኔ አባቴ ከሰሜን ለመንገድ ሥራ የመጣ ሾፌር ነበር። ከታደለ ጋር ማዘጋጃ ቤት ሄደን ፈርመን ተጋባን፤ ጣቴ ላይ ቀለም እንጂ አናቴ ላይ ቅቤ አልነካኝም። እማማ ዘነበች ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። ቅቤም ወጥቷቸው አያውቅም። ቤታቸው ስሄድ ፈጥነው ወንበር ያቀርቡልኛል። ይሄ ክብር ይመስላችኋል? ወንበር የሚቀርብለት እንግዳ ነው። ምራት ወንበር ሳትጠብቅ ጓዳ ትገባለች። እኔ ልጅ ወልጄላቸው እንኳ ጓዳቸውን ከበር ነው የማውቀው። አሁን ደግሞ አንዲት እግር የሌላት ቀድማኝ ልትቀባ ነው።

ዝግጅቱን ብታዩ! ታደለ አዞ የሚያረባ ጓደኛውን ጠይቆ፣ ሌላም ጠይቆ፣ የሙሽራ ሚዜ ሆኖ ቁጭ አለ። መንገድ ከመሄዷ በፊት ሳምንት ሙሉ ምግብ አልሰጣትም፤ ጠግባ ከተጓዘች ያስመልሳታል አለ። እርጉዝ ሆኜ በዚያው መንገድ ሳስመልስ ማን ቀድሞ አስቦልኝ ነበር? ቀጥሎ አየር የሚያስገባ የጥጥ ከረጢት ያስፈልጋታል ብሎ ዙሪያውን አየ። ዓይኑ ያረፈው የት ይመስላችኋል? ለሠርጌ በቀይ ክር «መልካም እንቅልፍ» ብዬ በጠለፍኩት የትራስ ልብስ ላይ! ከነክሩ ገባችበት፤ አፉ ታሰረ፤ በወስፌ ወደተበሳ ካርቶን ገባ። እትዬ ወይንሸት በሃይላንድ ውሃ በፍሪጃቸው በረዶ አደረጉላት፤ «ለመሄዷ ከሆነ ፍሪጁንም ውሰዱት» ብለዋል። በረዶው ገላዋን እንዳይነካት በፎጣ ተጠቅልሎ ከከረጢቱ ራቅ ብሎ ተቀመጠ፤ ለካ ሙቀትም ብርድም ይጎዳታል። እንዲህ ያለች እመቤት አይቼ አላውቅም።

ፀሐይ ሳትበረታ በጠዋት ወጣን። የሲቀላ መናኸሪያ ግን የሰውንም የእባብንም ጠዋት አያከብርም፤ ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነሳም። ዝግ መኪና ውስጥ ትታፈናለች ብሎ ሣጥኗን ይዞ ወረደና ጃንጥላ ዘረጋላት። የእኔን ጃንጥላ! የቤዛ ክርስትና ዕለት በዚያ ሐሩር ያዝልኝ ስለው «ወንድ ልጅ የሴት ጃንጥላ አይዝም» ያለኝ ሰው ነው። ለዘንዶ ሲሆን ይያዛል።

መኪናው ሲሞላ እሱ ሣጥኑን አቅፎ በግራ፣ በተራራው በኩል፣ ጥላው ጋ ተቀመጠ። እኔንና ልጄን በቀኝ፣ ፀሐይዋ ፊት ለፊት የምትገባበት ላይ አስቀመጠንና «ሐይቁን እያየሽ ትሄጃለሽ፤ ያምራል» አለኝ። ዓባያን ከተወለድኩ ጀምሮ አየዋለሁ፤ ቀለሙ እንኳ አልተቀየረም።

ተሳፋሪው ሣጥኑን ሲያይ፣ በረዶውንም ሲያይ፣ ከጫሞ የመጣ ዓሣ ነው አለ። ማን ይፈርድበታል? ከአርባ ምንጭ በበረዶ ታሽጎ የሚወጣ ሌላ ምን አለ? አጠገቤ ዘንቢል ይዘው የተቀመጡ እናት ታደለን «ቆሮሶ ነው አምባዛ?» ብለው ጠየቁት። «ቆሮሶ» አለ። «ትኩስ ነው?» «በጣም ትኩስ ነው።» «እንግዲያ አንድ ሁለቱን ሽጥልኝ፤ ልጆቼ ይወዳሉ።» «የሰው አደራ ነው እናቴ» ብሎ ሣጥኑን ወደ ደረቱ ሳበው። እኔን እንደዚያ የሳበኝ መቼ ነበር?

ፀሐይዋ እየበረታች ስትሄድ ቤዛ ፊቷ ቲማቲም መሰለና ታለቅስ ጀመር። ባሌን በዓይኔም በአፌም «ከበረዶው ለልጅቷ» አልኩት። «ትንሽ ታገሺ፤ ሰው ያልበዋል፣ ብርቄ ግን አያልባትም። አፏን ከከፈተች አለቀላት» አለኝ። ማላቤ እንደ ጥጋብ ተቆጠረብኝ።

በዚህ መሃል ጎማ ፈነዳ። ሁላችንም ወረድን። ጉልበት ያለው ወንድ ተፈለገና ታደለ ተጠራ። ሣጥኑን ከነጃንጥላው እግሬ ሥር አስቀምጦ «አደራ! ፀሐይ እንዳያገኛት! መኪናው ውስጥ እንዳትመልሻት፣ ምድጃ ነው!» ብሎኝ ሮጠ። ቀና ብሎ «ቤዛን ደግሞ…» እስኪለኝ ጠበቅኩ። አላለም።

እንግዲህ ፍረዱ። ልጄ በእጄ ትቃጠላለች፤ በረዶው እግሬ ሥር ነው። አወጣሁት። እናታችን ሔዋን ከእባብ ተቀብላ ነው ጉድ የሆነችው፤ እኔ ቀማሁ። በፎጣው የልጄን አንገት፣ ብብቷን፣ እግሯን ቀስ እያልኩ አቀዘቀዝኩት፤ ውሃ አጠጣኋት፤ ጃንጥላውንም ወደሷ አዞርኩት። ጸጥ አለች። አዘልኳት። ደስ አለኝ፤ ሁለት ደስታ ነበር፣ አንዱ የእናት፣ አንዱ የጣውንት።

ደስታዬ ሳያልቅ ዝቅ ብዬ ሣጥኑን አየሁ። ግማሹ ፀሐይ ላይ ነው። ነካሁት፤ ይፋጃል። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ የወትሮው ኮሽታ የለም። ወይኔ! እዚያ ማዶ እልል ብለው፣ ቅቤ አቅልጠው የሚጠብቁ ሴት አሉ። «ከሰሜን የመጣው ሰው ልጅ ዕድላችንን መንገድ ላይ ገደለችው» ሲባል በጆሮዬ ሰማሁት። እንኳን ጓዳ ልገባ፣ ወንበሯንም ላጣት ነው።

ሣጥኑን አንስቼ ከመንገዱ ዳር ወዳለ ማንጎ ሥር ሮጥኩ። በእጄ እንኳን ልነካት ስሟን ስጠራ ይዘገንነኝ የነበረው እኔ ክዳኑን ከፈትኩ፤ የትራስ ልብሱን አፍ ትንሽ ፈታሁ። አንገቷ ወጣ። አፏ ተከፍቷል። ቤዛ አልቅሳ አልቅሳ ድምፅ ሲያጣት አፏ እንደዚያ ነው የሚከፈተው። ልቤ ምን እንደነካው አላውቅም። ይቺም ይዘው የሚወስዷት ናት፤ ይቺም አማት ቤት የምትገባ ናት፤ ከእኔ በምን ትሻላለች?

በረዶው ሟሙቶ የተረፈውን ውሃ ነጠላዬ ላይ አፈሰስኩ። በአንዴ አይደፋባትም ሲል ባሌን ሰምቻለሁና እርጥቡን ነጠላ በከረጢቱ ዙሪያ ጠቀለልኩት፤ ከጀርባዬ ቤዛን፣ ከፊቴ ብርቄን ይዤ በሙዝ ቅጠል ማራገብ ጀመርኩ። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ሳባብል አፌ የለመደውን ተናገረ። «እሹሩሩ… እሹሩሩ…»

እኚያ ዘንቢል የያዙት እናት ከኋላዬ መጥተው ቆመው ኖሯል። «ልጄ፣ ዓሣም በእሹሩሩ ይተኛል እንዴ?» አሉኝ። ጎንበስ ብለው ሲያዩ ብርቄ አፏን ዘጋችና ምላሷን አውጥታ ሰላም አለቻቸው። እሳቸው አልጮሁም፤ አማተቡ። የጮኸው ሾፌሩ ነው። ጎማውን ጥሎ «እባብ አላሳፍርም! ልጆች አሉኝ!» አለ። ባሌ ለመነ፤ እኔም ለመንኩ። ያስታረቁን እኚያው እናት ናቸው። «እኔ ልበላት ነበር፤ እሷ ማንን በላች? ጫናት!» አሉት።

ተጫነች። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ኋላ ሄዶ ተደራረበ። ባሌ ሣጥኗን ሊቀበለኝ ሲል ያዘዝኩት ሳላስበው ነው፤ «ልጄን ያዝ፣ እኔ እይዛታለሁ» አልኩት። በጥላው በኩል ተቀመጥኩ። በሚኒባስ ታሪክ ክንዷን ዘርግታ የሄደች ሴት ካለች እኔ ነኝ። ባሌ ከማዶ፣ ፀሐይ ላይ፣ ቤዛን ታቅፎ አንዴ ነጠላዬን፣ አንዴ የሙዝ ቅጠሉን ያያል። ቆይቶ ቆይቶ «እኔን እንደዚያ አራግበሽልኝ አታውቂም» አለ። እናንተዬ፣ ቀና!

እማማ ዘነበች መንገድ ድረስ ወጥተው ጠበቁን። በእጃቸው ቅቤ በሙዝ ቅጠል ይዘዋል። ልጃቸውን አለፉት። ቤዛን ሳሙና አለፏት። እኔን አለፉኝ አልላችሁም፤ ሣጥኑ እኔ ጋ ስለነበር ማለፍ አልቻሉም። ክዳኑን ከፍተው የብርቄን አናት በጣታቸው ጫፍ ቀቡ፤ መረቁ። ከዚያ ከረጢቱን ሊቀበሉኝ ሲጎትቱ ብርቄ ከተፈታው አፍ ብቅ ብላ ቀዝቃዛው ነጠላዬ ላይ ተጠምጥማ አልለቅም አለች። ሳቡ፤ እምቢ። ነጠላውን አዩ፤ እርጥብ ነው። እኔን አዩ፤ እኔም እርጥብ ነኝ። ባሌ በጋሞኛ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው፤ እሹሩሩውን ሳይቀር መሰለኝ፣ ሳቅ አፈናቸው።

እማማ ዘነበች አማርኛ ሲናገሩ ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ያደርጉታል፤ የእኔን ጋሞኛ የሰማ ደግሞ እሳቸውን ሊቅ ይላቸዋል። «አንተ ጠማህ፣ እሱ ጠጣ። አንተ ምራት ነህ» አሉኝ። ቅጠሉ ላይ የቀረውን ቅቤ በመዳፋቸው ጠርገው አናቴ ላይ አደረጉት። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቅቤ ከዘንዶ ተርፎ መጣ። ልኮራ ወይስ ልቀና? ሁለቱንም ሆንኩ። በዚያ ሙቀት ቅቤው ግንባሬን አልፎ ዓይኔ ውስጥ ስለገባ ያለቀስኩት በሱ ነው ብያለሁ፤ እናንተም እንደዚያ በሉ።

ቤት ስንደርስ ወንበር አልቀረበልኝም። «ጓዳ ግባ፣ ድስቱን አውጣ» ተባልኩ። እንደዚያ ቀን ድስት ደስ ብሎኝ አውጥቼ አላውቅም። ብርቄ ከነትራስ ልብሴ በሙዙ ጓሮ በተሠራላት ጎጆ ገባች፤ «መልካም እንቅልፍ» የሚለው ጽሑፍ ከደጅ ይታያል።

ከሰዓት ልንመለስ ስንል እማማ ዘነበች ልጃቸውን ጠርተው ተቆጡት። ቅቤ የተቀባች ሙሽራ ፀሐይ አያገኛትም፤ ጃንጥላውን አንተ ያዝላት አሉት። ያዘ። እስከ መኪናው ድረስ፣ አገር እያየው፣ ያዘ። ስንሳፈር ፀሐይዋ ዞራ በተራራው በኩል ሆና ነበር። እኔ ልጄን ይዤ በሐይቁ በኩል፣ ጥላው ጋ ተቀመጥኩና ለባሌ የማዶውን ወንበር አሳየሁት።

«ተራራውን እያየህ ትሄዳለህ» አልኩት፤ «ያምራል።»